ተራው ይጠበቅ፣ ሰውየው ይቀመጥ

ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ከደብረ ሲና ብርድ የወረደ መንገደኛ የቆላውን ሙቀት የሚቀበለው እዚህ ነው። የይፋት ቆላ ገበሬ ማሾውን፣ ሽንኩርቱን፣ ጤፉንና ማሽላውን ይዞ ይወጣባታል፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኝባታል። የመንገድና የገበያ ከተማ ደግሞ የወረፋ ከተማ መሆኗ አይቀርም። እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ ሁሉ በመናኸሪያ ለትኬት፣ በጤና ተቋም ለካርድ፣ በባንክ ለገንዘብ፣ በቀበሌ ለመታወቂያ፣ በማደያ ለነዳጅ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ለማዳበሪያ፣ በቦኖ ለውኃ ሰው ይሰለፋል። ስለ ወረፋ ስናማርር ብዙ ጊዜ የምናማርረው ስለ ርዝመቱ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስለ አሠራሩ ነው። ወረፋ ከሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ተራን መጠበቅ፣ ሁለተኛው እስከዚያው በእግር መቆም። ተራን መጠበቅ ፍትሕ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ። በእግር መቆም ግን ልማድ ብቻ ነው፤ ፍትሕን የሚጨምርበት አንዳች ነገር የለም። አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችንን ከአገልግሎት የሚያርቃቸው ይኸው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን ማለያየት እንደሚቻል፣ ብዙ ገንዘብም እንደማይጠይቅ፣ ከሸዋ ሮቢት መጀመር እንደሚገባም በዚህ ጽሑፍ እከራከራለሁ።

መቆም ለሁሉም ሰው እኩል ዋጋ አያስከፍልም። ጤነኛ ጎልማሳ በይፋት ቆላ የግንቦት ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቢቆም ይደክመዋል፤ ማታ ሲያርፍ ግን ይረሳዋል። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እነዚያን ሁለት ሰዓታት የሚቆመው የሰውነቱን ክብደት በመዳፉና በብብቱ ተሸክሞ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ያጠለቀ ሰው ሙቀቱ ሲያልበው የቀረው እግሩ ጫፍ ከማቀፊያው ጋር ይፋተግና ይቆስላል፤ ቁስሉ እስኪድን ድረስም እግሩን ማጥለቅ አይችልም። አከርካሪው ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሰውነቱ ላብ አውጥቶ ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ሙቀት ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይጎዳዋል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ የምግብ ሰዓቱ ካለፈ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ማየት የተሳነው ሰው ሰልፉ የት እንደሚጀምር፣ መቼ እንደተንቀሳቀሰና ማን እንደቀደመው አያይም። መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ ስሙ ሲጠራ ስለማይሰማ ተራው አጠገቡ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰልፍ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ እየከፈሉ ነው ማለት አይቻልም። አንዱ የሚከፍለው ጊዜውን ነው፤ ሌላው ጊዜውን ከነጤናው ይከፍላል።

እነዚህ ሰዎች ጥቂት ቢሆኑ እንኳ ነገሩ መነሣት ነበረበት፤ ነገር ግን ጥቂት አይደሉም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከጠቅላላው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ መዝግቧል። በዚያው ዘመን፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ግን ማየት የተሳናቸው ብቻቸውን 1.6 በመቶ፣ የማየት አቅማቸው የተዳከመ ደግሞ 3.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ ዓይነት ጉዳት ብቻ የተገኘው ቁጥር የሁሉንም ጉዳት ድምር ከበለጠ፣ ቆጠራው ያላያቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። በእኛ አካባቢ ላይ ተጨማሪ ሸክም አለ። አማራ ክልል ትራኮማ አብዝቶ ከሚያጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ጎረቤት ከተማዋ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. የደረሰባት ጥፋት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መግባቱ፣ ከዚያም ወዲህ በአካባቢው ሰላም አለመርጋቱ የሰው ሕይወት ከመቅጠፉም በላይ ብዙዎችን ለአካል ጉዳት ዳርጎ አልፏል። ጥይትና ከባድ መሣሪያ የጎዳው ሰው ከቁስሉ ሲያገግም መጀመሪያ የሚገጥመው ጉዳይ ወረፋ ነው፦ የካርድ ወረፋ፣ የመድኃኒት ወረፋ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሰው ሠራሽ አካል የሚወስደው የመኪና ወረፋ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሕዝባችን እኮ ለዚህ ባዳ አይደለም» ሊል ይችላል። እውነት ነው። በታክሲ ሰልፍ ላይ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች እናት ወይም በምርኩዝ የመጣ ሰው ሲታይ «እሳቸው ይለፉ» የሚል ድምፅ ከሰልፉ መሐል መሰማቱ የተለመደ ነው። ክርስቲያኑ ለጽድቅ፣ ሙስሊሙ ለአጅር ብሎ መንገድ ይለቃል። ይህ ልማድ የሚያኮራ ነው፤ ሊጠፋም አይገባም። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የሚሠራው ነገሩ በሚበቃበት ቀን ነው። መኪናው ብዙ፣ መንገደኛው ጥቂት ሲሆን ሁሉም ቸር ነው፤ በበዓል ዋዜማ አንድ ሚኒባስ ብቻ ሲቀር ግን መንገድ የሚለቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አካል ጉዳተኛው ቸርነት የሚያስፈልገው ደግሞ በዚህኛው ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ቸርነት ለማኝ ይፈልጋል። ሰውየው ጉዳቱን ለሕዝብ እያሳየ፣ እየተማፀነ፣ እያንዳንዱን ሰው «አሳልፉኝ» እያለ መሄድ አለበት። ዓይን አፋር የሆነች ወጣት ሴት ይህን ከማድረግ ጉዳይዋን ትታ መመለስን ልትመርጥ ትችላለች። ሦስተኛ፣ ቸርነት የሚታየው በዓይን ለሚታይ ጉዳት ብቻ ነው። መብት ግን የሰጪውን ስሜትና የዕለቱን ሁኔታ አይቶ የሚለዋወጥ ነገር ሊሆን አይችልም።

ይህ ሦስተኛው ክፍተት ሰፊ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ በቡታጅራ ገጠር የተደረገ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል ሕመም እንዳለበት አሳይቷል፤ ከእነዚህ አንዱን ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ብታዩት ከሌላው የምትለዩበት ምልክት የለም። የልብ ሕመምተኛ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጫጫታ፣ ግፊያና የመጠበቅ ጭንቀት ሲበዛበት ሊጮኽ፣ ራሱን ሊመታ ይችላል፤ የማያውቅ ሰው ግን ልጁን ባለጌ፣ እናቱን ልጅ ማሳደግ የማትችል አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያሉ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ዓይን ደብቀው ያሳድጉ ነበር። ማዕከሉና የእርሳቸው የዓመታት ትግል ነገሩን ለአደባባይ አውጥቶታል። ሆኖም አደባባዩ ራሱ፣ ማለትም መናኸሪያው፣ ጤና ጣቢያውና ጽሕፈት ቤቱ፣ እነዚህን ልጆች ለማስተናገድ አልተዘጋጀም። «እሳቸው ይለፉ» የሚለው መልካም ድምፅም ለእነርሱ አይሰማም፤ ሰልፈኛው የሚያየው ምርኩዝ የለምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ አካል ጉዳተኛን ሁሉ ከፊት ማስቀደም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ብዙ ሙግት የተደረገበት ቦታ፣ ለአንባቢ እንግዳ ቢመስልም፣ የአሜሪካ የመዝናኛ ፓርክ ነው። በዲዝኒ ፓርኮች ውስጥ አንድን መጫወቻ ለመሳፈር ከአንድ ሰዓት በላይ መሰለፍ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ዲዝኒም ለአካል ጉዳተኞችና ለቤተሰባቸው በተለየ በር የሚያስገባ ካርድ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ባለጸጋ ቤተሰቦች አካል ጉዳተኞችን በገንዘብ እየቀጠሩ፣ የቤተሰብ አባል አስመስለው ሰልፍ እንደሚዘሉ አጋለጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ድርጅቱ ካርዱን ሰርዞ አዲስ አሠራር አመጣ። በአዲሱ አሠራር አካል ጉዳተኛው ሰልፉን አይዘልም፤ ስሙ ይመዘገባል፣ ሰልፉ በዚያ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ ተሰልቶ የመመለሻ ሰዓት ይሰጠዋል፣ እስከዚያው ጥላ ሥር ሊቀመጥ፣ ሊበላ፣ መድኃኒቱን ሊወስድ ይችላል። ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ ይገባል። የሚጠብቀው ከሌላው እኩል ነው፤ የቀረለት መቆሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ስለ ማጭበርበር ነው። ሰልፍ መዝለል ትርፍ ነው፤ ትርፍ ባለበት ሁሉ አጭበርባሪ ይመጣል። ተራ ተጠብቆ ቁጭ ማለት ግን ለጤነኛ ሰው የሚያስዋሸው ያህል ትርፍ የለውም። ስለዚህ ሰውን ከሰው የሚያጣላው ነገር ከሥሩ ይቀንሳል። ሁለተኛው ትምህርት ከሙግቱ ቀጣይ ክፍል ይመጣል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቤተሰቦች «ልጆቻችን ቀጠሮ ጠብቆ መመለስም ይከብዳቸዋል» ብለው ዲዝኒን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በፍሎሪዳ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ድርጅቱ የተጠቃሚው ቁጥር እጅግ በዛ ብሎ አገልግሎቱን በዋናነት እንደ ኦቲዝም ያለ የእድገት እክል ላለባቸው ሰዎች ወሰነው፤ ሌላ ጉዳትና ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቅር ተሰኙ፣ ቁጣም ተነሣ። ስሕተቱ ግልጽ ይመስለኛል። ማመቻቸትን በበሽታ ስም መከፋፈል ሲጀመር ከመስመሩ ውጭ የሚቀር ሰው አይጠፋም። መጠየቅ ያለበት ሰውየው ምን እንደሚቸግረው ነው፤ የሕመሙ ስም ምን እንደሆነ አይደለም።

ይህን አሠራር ለማምጣት ወደ ፍሎሪዳ መሄድ አያስፈልገንም፤ በአገራችን ከተሞችና ገጠር ቦኖዎች ዙሪያ ዘመናት የኖረ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ቀን ጀሪካኖች ከንጋት ጀምረው ይደረደራሉ። ባለቤቶቻቸው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዷ ቤቷ ተመልሳ እሳት ታያለች፣ ሌላዋ ልጇን ታጠባለች። ውኃው ሲመጣ እያንዳንዱ ጀሪካን በተቀመጠበት ቅደም ተከተል ይሞላል። ባለቤቱ በአጠገቡ ስላልቆመ ተራው አይሰረዝም፤ የሰው ጀሪካን ገፍቶ የራሱን የሚያስቀድም ሰውም በመንደሩ ይወቀሳል። ተራ ከሰው አካል ተለይቶ በዕቃ ሊጠበቅ እንደሚችል ሕዝባችን ያውቃል፣ ያከብራል፣ ያስከብራል። ዲዝኒ በኮምፒውተር የሠራውን የእኛ እናቶች በፕላስቲክ ዕቃ ሲሠሩት ኖረዋል። እንግዲህ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ያከበርነውን ደንብ ለካርድ፣ ለትኬትና ለመታወቂያ የማናከብርበት ምክንያት የለም።

በተግባር እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመናኸሪያ ተራ አስከባሪ አለ፤ ሥራው ሰልፉን ማስከበር ነው። ለእርሱ በቁጥር የተጻፈባቸው፣ በላስቲክ የተለበዱ ሃያ ወይም ሠላሳ ካርቶኖች ይሰጡት። መቆም የሚቸግረው ሰው ሲመጣ ተራ አስከባሪው ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥሮ ቦታውን ይመዘግብለታል፣ ካርቶኑን ይሰጠዋል፣ ጥላ ሥር ወዳለ አግዳሚ ወንበር ያሳየዋል። ከኋላው የሚሰለፈው ሰውም «ከፊትህ ባለ ካርቶን አለ» ተብሎ ስለሚነገረው በኋላ ጠብ አይነሣም። ተራው ሲቃረብ ይጠራል፦ ለማያይ በድምፅ፣ ለማይሰማ ቁጥሩን በጽሑፍ በማሳየት ወይም አጠገቡ ሄዶ በእጅ በመንካት። ይህ ለመኪናውም ይጠቅማል። ዊልቸር አጥፎ ፖርቶ መጋላ ላይ መጫንና ማሰር ጊዜ ይወስዳል፤ ሾፌርና ረዳት አካል ጉዳተኛ መንገደኛን ለመጫን የሚያንገራግሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተሳፋሪው ቀድሞ ከታወቀ ግን ዕቃው ሌላው ሰው እየገባ ሳለ ሊጫን ይችላል። በጤና ተቋም ካርድ ክፍል፣ በባንክ፣ በቀበሌም ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም። ብዙ የባንክ ቅርንጫፎች የተራ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያና መቀመጫ አላቸው፤ እዚያ የሚጎድለው ቁጥሩን የሚያነብላቸው ወይም የሚያሳያቸው ሰው ላጡት ማሰብ ብቻ ነው።

ተቀምጦ መጠበቅም የማይችሉ እንዳሉ አልክድም። ሕመሙ እየተነሣበት ያለ ሰው፣ በጫጫታው የተረበሸ ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ በዳያሊሲስ ቀጠሮ የሚጓዝ ሕመምተኛ ቀጥታ ማለፍ አለበት። ይህ ግን በደንቡ ውስጥ ጠባብና ግልጽ በር ሆኖ ይቀመጥ፤ የሚወስነውም በሥራው ላይ ያለው ኃላፊ ይሁን። ዋናው መንገድ ተራን መጠበቅ ሲሆን ይህ ጠባብ በር ይከበራል፤ ዋናው መንገድ መዝለል ሲሆን ግን ሰልፈኛው በሁሉም ላይ ይጠራጠራል፣ በእውነት የቸገረውም በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

«ታዲያ ማን አካል ጉዳተኛ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የሐኪም ወረቀት ይጠየቅ» የሚል አለ። ይህ ሐሳብ ከሩቅ ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል፤ በይፋት ቆላ ላለ ሰው ግን ግፍ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ገበሬ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ለማግኘት ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ መሄድ ሊኖርበት ይችላል፤ ያም የትራንስፖርት ወረፋ፣ የካርድ ወረፋና የማደሪያ ወጪ ነው። ወረፋ ላለመቆም ሌላ ሦስት ወረፋ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ «መቆም ይቸግርዎታል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ይበቃል። አንዳንድ ሰነፍ ይህን ሊጠቀምበት ይችላል። የሚያገኘው ግን ወንበር ነው፤ ከማንም ተራ አልቀማም። አንድ ጤነኛ ሰው ሳይገባው መቀመጡና አንዲት ሕመምተኛ ሳይገባት ፀሐይ ላይ መውደቋ በሚዛን ቢቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ አያከራክርም።

«ቤተሰብ ይሰለፍለት» የሚለው መልስም ብዙ ጊዜ ይሰማል። ቤተሰብ ይሰለፋል፤ ነገር ግን የአንድ ቀን ሥራውን ጥሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚላከው ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ነው። ብቻውን የሚኖር አካል ጉዳተኛም አለ። ደግሞም አሁን አገልግሎቱ ራሱ ባለጉዳዩን በአካል እየጠየቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ስለሚመዘግብ ማንም በማንም ፋንታ ሊሰለፍ አይችልም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሴፍቲኔት ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ መሥራት የማይችሉትን ለይቶ፣ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ያደርጋል። ድንጋይ ለመሸከምና አፈር ለመቆፈር አቅም የላቸውም ብሎ መንግሥት ራሱ የመሰከረላቸውን ሰዎች፣ ክፍያው በሚሰጥበት ቀን ሠርተው ከሚከፈላቸው ተጠቃሚዎች ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ለሰዓታት ማቆም ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር እንዲጣላ ማድረግ ነው። ድጋፍ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ዝርዝር አስቀድሞ በእጅ ያለ ነውና፣ ሰዓታቸውን ለይቶ ከመንገር የሚቀል ነገር የለም።

ሌላው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። «አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት ተወጥሮ፣ አካባቢው ገና ከቁስሉ ሳያገግም፣ መኪናው፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁ ራሱ ጠፍቶ ሳለ ስለ ወንበር ማውራት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ወረፋው ይጥፋ» ይላል። ወረፋው እንዲያጥር መታገል ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ወረፋው እስኪጠፋ የሚያልፉት ዓመታት የሰው ዕድሜ ናቸው። እጥረቱ በበረታ ቁጥር ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር መጀመሪያ የሚረግፈው መቆም የማይችለው ነው። ስለዚህ የችግር ጊዜ ይህን ደንብ የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ወጪውም ካርቶን፣ አግዳሚ ወንበርና የጥላ ዳስ ነው። ከሩቅ የሚመጣ በጀት አይጠብቅም፤ የአንድ ከተማ ነጋዴዎች፣ ዕድሮችና ወጣቶች በአንድ ሳምንት ሊሠሩት ይችላሉ። ይህም አካል ጉዳተኛን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ነፍሰ ጡሯ፣ አዛውንቱ፣ የታመመ ልጅ ያቀፈችው እናት እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬ ጤነኛ የሆነው ሁሉም ሰው ዕድሜ ከሰጠው አንድ ቀን ወንበሩን ይፈልገዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል አድልዎ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ሸክም የማያመጣ ማመቻቸት ደግሞ ግዴታ ነው። የጥላ ወንበርና የካርቶን ቁጥር ለየትኛውም ተቋም ከመጠን ያለፈ ሸክም ሊሆን አይችልም። ስምምነቱ በአንቀጽ 30 ስለ መዝናኛና ስለ ሕፃናት ጨዋታ ሳይቀር ይደነግጋል፤ እንደ አንድነት ፓርክ ያሉ በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የተከፈቱ ሥፍራዎችም ሆኑ ነገ በየክልሉ የሚከፈቱት ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደሉም። ስለ ሥራ አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ስለ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥተዋል። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ነገር ግን ሕጎቻችን ሰውየውን እስከ በሩ ካደረሱት በኋላ ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለውን ሰልፍ ለማንም ሳይመድቡ ትተውታል። መወጣጫው ተሠርቶ ሰልፉ ካልተስተካከለ ደግሞ መወጣጫው ያስገባውን ሰው ሰልፉ ይመልሰዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያሻም። የሸዋ ሮቢት ከተማ አስተዳደር፣ የቀወትና የኤፍራታና ግድም ወረዳዎች በአንድ ገጽ መመሪያ ሊጀምሩት ይችላሉ። የመናኸሪያ ኃላፊዎች ለተራ አስከባሪዎች ሥልጣኑንና ካርቶኑን ይስጡ፤ የጤና ተቋማትና ባንኮች በየመግቢያቸው «መቆም የሚቸግርዎ ከሆነ ይንገሩን፣ ተራዎን እንጠብቅልዎታለን» ብለው በጉልህ ይጻፉ፣ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ይንገሩ፤ የሴፍቲኔት ከፋዮች የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎችን ሰዓት ይለዩ። ደንቡ ሲረቀቅ የአካባቢው አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ተጠርተው ይጠየቁ፤ የትኛው ጥላ ጠዋት ብቻ እንደሚያገለግል፣ የትኛው ደረጃ ምርኩዝ እንደሚያንሸራትት ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእኛ ከሰልፈኞቹ የሚጠበቀው ደግሞ ትንሽ ነው፦ ባለ ካርቶኑ ተራው ደርሶ ሲመጣ «ከየት መጣ?» ብለን አለመጮኽ። ማንም ተራውን እንዲለቅ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ሌላው ሰው የራሱን ተራ ተቀምጦ እንዲጠብቅ መፍቀድ ነው፤ ይህንንም መከልከል የሚችል ሕግም፣ ሃይማኖትም፣ ባህልም የለንም።